ምዕራፍ 6፦ አይዝጌ ብረት የሚሸነፍበት መስመር

ከተላቀቁ የብረት መጋጠሚያዎች ሁሉ መርማሪን ግራ የሚያጋባው ንጹሕ ሆኖ የሚለያየው ነው። ሁለት የስቴንለስ (የአይዝጌ ብረት) ቱቦዎች በብር ዘንግ ተያይዘው ለወራት የቧንቧ ውሃ ሲያስተላልፉ ይቆያሉ። ከዚያ አንድ ቀን ማንም ሳይመታቸው፣ ግፊቱም ሳይጨምር ይለያያሉ። የተለያየው ፊት ሲታይ ጉድጓድ የለበትም፤ ብሩ አልተበላም፤ ብረቱም አልሳሳም። አንዳንዴ ስስ ቡናማ ጥላ ይታያል እንጂ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ከመጀመሪያውም ተያይዘው የማያውቁ ይመስላሉ። በዚህ የተነሳ ጥፋቱ በሠራተኛው ይላከካል፤ «በደንብ አላሞቀውም፣ በደንብ አላጸዳውም» ይባላል። ሠራተኛው ግን ሥራውን በአግባቡ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ያ መጋጠሚያ በተሠራበት ዕለት ተስቦ ቢፈተን ኖሮ እንደ አዲስ ብየዳ ጠንክሮ ይገኝ ነበር። ያላቀቀው ውሃ ነው።

ውሃው በየት ገባ? የዚህ ምዕራፍ ነገር ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

በተለመደው ብየዳ የሚያያዙት ብረቶች ራሳቸው ቀልጠው አንድ ይሆናሉ። እነዚያ ቱቦዎች በተያያዙበት በብሬዚንግ ግን የሚቀልጠው በመካከላቸው የሚገባው ሌላ ብረት ብቻ ነው፤ እኛ እዚህ መሙያ ብረት እንለዋለን። መሙያው ከ450 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ፣ ግን ከሚያያዙት ብረቶች መቅለጫ በታች ይቀልጣል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኞች የሚሠሩት ማያያዝ ከዚህ ወሰን በታች ስለሆነ ሌላ ስም አለው። የቀለጠው መሙያ በሁለቱ ብረቶች መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት፣ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ፣ በራሱ ተስቦ ይገባል። ለብር መሙያ የሚመረጠው ክፍተት ከ0.05 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ከሰፋ መሳቡ ይደክማል፤ መጋጠሚያውም ባዶ ቦታ ይተርፈዋል። ያ ባዶ ቦታ በኋላ ውሃ የሚቋጠርበት ኪስ ይሆናል።

ብዙ ሰው ስቴንለስ የማይዝገው ብረቱ በባሕርዩ ስለማይዝግ ነው ብሎ ያስባል። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በውስጡ ያለው ክሮሚየም ከኦክስጅን ጋር ለመዋሃድ ከብረት ይልቅ ይቸኩላል። ቢያንስ ከመቶ 10.5 ያህል ክሮሚየም ካለ፣ በገጹ ላይ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሚወፍር የክሮሚየም ኦክሳይድ ልባስ ይዘረጋል። ልባሱ ቢጫርም ኦክስጅን እስካለ ድረስ ወዲያው ይታደሳል። እንግዲህ ስቴንለስ ራሱን የሚከላከለው አስቀድሞ ዝጎ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህን ልባስ ያጣ ስቴንለስ ከተራ ብረት ብዙም አይሻልም።

ታሪኩ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ በኋላ ያስፈልገናል። እ.ኤ.አ. በ1912 በጀርመን ኤሰን ከተማ በክሩፕ ኩባንያ የሚሠሩት ኤድዋርድ ማውረርና ቤኖ ሽትራውስ ክሮሚየምና ኒኬል የተቀላቀለበትን ብረት አወጡ። ዛሬ 304 የሚባለው፣ ከመቶ 18 ክሮሚየምና 8 ኒኬል ያለው የወጥ ቤትና የወተት ማመላለሻ ብረት የዚያ ዘር ነው። በዓመቱ በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሪርሊ፣ የጠመንጃ አፈሙዝ ቶሎ እንዳይበላ መላ ሲፈልግ፣ ከመቶ 12.8 ክሮሚየም ያለበትን ብረት አቀለጠ። የብሪርሊው ኒኬል አልነበረውም። ሲሞቅና በድንገት ሲቀዘቅዝ ስለሚጠነክር ለቢላ ተስማማ፤ ዛሬም የቢላና የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ብረት የእሱ ወገን ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ከውጭ ሲታዩ ያው የሚያብረቀርቅ ስቴንለስ ናቸው። በብሬዚንግ መጋጠሚያ ላይ ግን ዕጣቸው ፈጽሞ ይለያያል።

ወደ መጋጠሚያው እንመለስ። መሙያው በብረቱ ላይ እንዲፈስ ያ የክሮሚየም ልባስ መወገድ አለበት፤ የቀለጠ ብር ኦክሳይድ ላይ አይዝም። በእሳት ነበልባል ሲሠራ ይህን የሚያደርገው ፍለክስ የተባለው ቅባት ነው፤ ለስቴንለስ የሚሆነው ፍለክስ ፍሎራይድ አለበት። ፍለክሱ ልባሱን ያሟሟዋል፣ መሙያው ይገባል፣ ይረጋል። አሁን በዚያ ስስ መስመር ላይ ሦስት ነገር አለ፤ አንዱ ስቴንለሱ፣ ሁለተኛው መሙያው ነው። ሦስተኛው ግን ማንም ያልገዛው ነው፤ ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ የተፈጠረ፣ ከፀጉር እጅግ የሚቀጥን ንብርብር። የመጋጠሚያው ዕድሜ የሚወሰነው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በሦስተኛው ነው።

ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው ጨው ወዳለበት ውሃ ሲገቡ ባትሪ ይሆናሉ። አንዱ ይበላል፣ ሌላው ይጠበቃል። ብረቶች ሁሉ ከሚበላው ወደሚጠበቀው ቢሰለፉ፣ ልባሱ ያልተነካ ስቴንለስ በዚህ ሰልፍ ላይ ከመዳብና ከናስ በላይ ይሰለፋል፤ ስለዚህ የሚበላው መዳብና ዚንክ ያለበት መሙያ ነው። እዚህ ላይ አንድ ክፉ ሒሳብ አለ። የሚበላው ገጽ ትንሽ፣ የሚጠበቀው ገጽ ትልቅ ከሆነ፣ የባትሪው ሙሉ ጅረት በትንሹ ገጽ ላይ ይከማቻል፤ መበላቱም በዚያው ልክ ይፈጥናል። የብሬዚንግ መጋጠሚያ ደግሞ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰፊ ስቴንለስ፣ በመካከሉ የክር ያህል መሙያ። በባሕር ውሃ ውስጥ ዚንክ የበዛበት መሙያ መጀመሪያ ዚንኩን ያጣል፤ የሚቀረው ቀይ፣ ስፖንጅ የመሰለ መዳብ ነው። ቅርጹ አለ፣ ጉልበቱ የለም።

ይህ ግን በመግቢያው ላይ ያነሳነውን ንጹሕ መላቀቅ አያስረዳም። እዚያ መሙያው ደህና ነበር። ብዙ ባለሙያዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ የሰልፉን መገልበጥ ነው። ሲሞቅና ፍለክሱ ሲሠራ በድንበሩ ላይ ያለው የብረት ገጽ ክሮሚየሙን ያጣል። መሙያው ስለሸፈነውም አየር አግኝቶ ልባሱን ማደስ አይችልም። እንዲህ የተራቆተ ብረት በሰልፉ ላይ ከመዳብም ከብርም በታች ይወርዳል። ውሃ ከመጋጠሚያው ጫፍ ሲነካው አሁን የሚበላው መሙያው ሳይሆን ያ ስስ የብረት ንብርብር ነው። ስፋቱ ኢምንት ስለሆነ የሚጠፋው ብረት ሊመዘን እንኳን አይችልም፤ ርዝመቱ ግን የመጋጠሚያው ሙሉ ርዝመት ነው። ውሃው በድንበሩ ላይ ቀስ እያለ ይሰርጋል፣ ሁለቱንም ሳያቆስል ይለያቸዋል። ለዚህ የባሕር ውሃ አያስፈልግም፤ ተራ የቧንቧ ውሃ፣ አንዳንዴም የማያቋርጥ እርጥበት ይበቃል።

የብሪርሊ ወገን የሚጎዳው እዚህ ነው። ኒኬል የሌለው ወይም ጥቂት ብቻ ያለው ስቴንለስ ለዚህ ዓይነቱ መላቀቅ ከሁሉም በላይ የተጋለጠ ነው። 304ም ሆነ ከመቶ ከ2 እስከ 3 ሞሊብዲነም የተጨመረበት 316 የተሻለ ይቋቋማሉ፤ ነጻ ናቸው ማለት ግን አይደለም። እኔ 316 የገዛ ሰው «ውድ ብረት ገዝቻለሁ» ብሎ ስለ መሙያው ሳይጠይቅ መቅረቱን እንደ ግማሽ ሥራ ነው የማየው።

መድኃኒቱ ኒኬል ነው፤ በብረቱ ውስጥ ከሌለ በመሙያው ውስጥ። ከመቶ 50 ብር፣ 20 መዳብ፣ 28 ዚንክና 2 ኒኬል ያለው መሙያ ለስቴንለስ የተለመደ ምርጫ የሆነው በዚች 2 ምክንያት ነው። ኒኬሉ በድንበሩ ላይ ከብረቱ ጋር ይዋሃድና ያንን ራቁት ንብርብር በኒኬል የበለጸገ ያደርገዋል። ኒኬል ለሌለው ስቴንለስ ደግሞ ዚንክ ጭራሽ የሌለበት መሙያ አለ፤ ከመቶ 63 ብር፣ 28.5 መዳብ፣ 6 ቲንና 2.5 ኒኬል። ይህኛው እንደ ሌሎቹ በቀላሉ አይፈስም፣ ዋጋውም ይከብዳል፤ ሠራተኞች አይወዱትም። የሚወዱት በቀላሉ የሚፈሰውን ነው። ለብዙ ዘመን የሚወደደው ከመቶ 45 ብርና 24 ካድሚየም ያለው፣ በ618 ዲግሪ እንደ ውሃ የሚፈሰው መሙያ ነበር። የካድሚየም ጢስ ሳንባንና ኩላሊትን ስለሚጎዳ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ በመሙያ ውስጥ መጠቀምን በጥቂት ልዩ ፈቃድ ካልሆነ በቀር ከልክሏል። በአንዳንድ ገበያ ግን ዛሬም ይገኛል። ጢሱን ትተን ዝገቱን ብቻ ብናይ እንኳ ኒኬል ስለሌለው ለእርጥብ ስቴንለስ የሚመከር አይደለም።

ሌላም ዘንግ አለ። የፍሪጅና የኤር ኮንዲሽነር ሠራተኞች መዳብን ከመዳብ ጋር የሚያያይዙበት፣ ፎስፈረስ ያለው የመዳብ ዘንግ። ርካሽ ነው፣ በመዳብ ላይ ፍለክስ እንኳ አይፈልግም፤ ለዚያ ሥራ ግሩም ነው። በብረትና በስቴንለስ ላይ ግን ፎስፈረሱ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ንብርብር ይሠራል። ይህ ስለ ዝገት ሳይነሳ ገና በመጀመሪያው መንቀጥቀጥ የሚሰነጠቅ መጋጠሚያ ነው። ባለሙያው ኪሱ ውስጥ ያለው ይኸው ዘንግ ብቻ ከሆነ ስቴንለሱን ባይነካው ይሻላል።

ይህ ሁሉ የፋብሪካ ወሬ ለመሰለው አንባቢ አንድ ቅርብ ምሳሌ አለ፤ የሰው አፍ። ጥርስ የሚያስተካክሉ ሐኪሞች የሚጠቀሙባቸው የስቴንለስ ሽቦዎችና ቀለበቶች ብዙ ጊዜ በብር፣ በመዳብና በዚንክ መሙያ ይያያዛሉ። ምራቅ ጨው ያለበት ፈሳሽ ነው፤ ምግብ አሲድ ያመጣል፤ ሙቀቱ ዘወትር 37 ዲግሪ ገደማ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ መሙያው ቀስ በቀስ መዳብና ዚንክ ወደ ምራቅ ይለቃል፣ ገጹም ይጠቁራል። በዚህም ምክንያት መሙያ በማያስፈልገው በሌዘር ብየዳ ወደ ማያያዝ የዞሩ ሐኪሞችና ላቦራቶሪዎች አሉ። ሌላው የሕክምና ምሳሌ የቀዶ ሕክምና መርፌ መያዣ ነው። እጀታው የወርቅ ቀለም ያለው ዓይነት፣ በመንጋጋው ላይ ጠንካራ የተንግስተን ካርባይድ ቁራጭ ተጣብቆበታል፤ ማጣበቂያው ብዙ ጊዜ ብሬዚንግ ነው። መሣሪያው በደምና ከመቶ 0.9 ጨው ባለው ፈሳሽ ይታጠባል፣ ከዚያ በ134 ዲግሪ እንፋሎት ይቀቀላል። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በጨው ውሃ ተዘፍዝፈው እንዳይቆዩ የሚመከረው ዋናው ብረት ስለሚጎዳ ብቻ አይደለም፤ ከቁራጩ ሥር ያለው መስመርም ስለሚበላ ነው።

እስካሁን መስመሩን ብቻ አየን። ከመስመሩ አጠገብ ያለው ብረትም የራሱ አደጋ አለው፤ የሚመጣውም ከእሳቱ ነው። ስቴንለስ ከ425 እስከ 870 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ በውስጡ ያለው ካርቦን ክሮሚየሙን ይዞ በብረቱ ቅንጣቶች ወሰን ላይ ይሰፍራል። በወሰኑ ዙሪያ ያለው ብረት ክሮሚየም ያጣል፤ በኋላም አሲድ ወይም ጨው ሲያገኘው በወሰኖቹ መስመር እየተሰነጠቀ ይበላል። የብር መሙያ የሚፈስበት ሙቀት በዚህ ክልል ውስጥ መውደቁ አሳዛኝ አጋጣሚ ነው። በአንድ ሁለት ደቂቃ ለሚጨርስ ቀልጣፋ እጅ አደጋው ትንሽ ነው። አሙቆ፣ አቀዝቅዞ፣ እንደገና አሙቆ ለሚያርም ሠራተኛ ግን እያንዳንዱ እርማት ብረቱን ያደክማል። ለዚህ ነው ካርቦኑ ከመቶ ከ0.03 ያልበለጠው 304ኤልና 316ኤል ለብሬዚንግ የሚመረጡት። ታይታኒየም ወይም ኒዮቢየም የተጨመረባቸው 321ና 347ም አሉ፤ እነዚህ ካርቦኑ ክሮሚየሙን ሳይዝ አስቀድመው ይይዙታል።

አሁን ብዙ ሰው ሳያየው ወደሚጠቀምበት ዕቃ እንሂድ፤ በብሬዚንግ የተያያዘ ሰሌዳማ ሙቀት መለዋወጫ። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስዊድን ወደ ምርት ገባ። አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞሉ የ316 ሰሌዳዎች የዓሣ አጥንት በሚመስል ሽንትር ይታተማሉ፣ በየመካከላቸው የመዳብ ቅጠል ይነጠፋል፣ ተደራርበው አየር ወደ ወጣለት ምድጃ ይገባሉ። መዳብ በ1085 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ምድጃው ከዚያ ጥቂት ይበልጣል። ሽንትሮቹ በተነካኩበት ነጥብ ሁሉ መዳቡ ተስቦ ይሰበሰባል፤ አንድ መጽሐፍ የሚያህል ዕቃ ውስጥ እጅግ ብዙ የብሬዚንግ ነጥቦች ይፈጠራሉ። ፍለክስ የለም፤ ልባሱን የሚያነሳው ሙቀቱና ቫኪዩሙ ነው። ስለዚህ በውስጥ የሚቀር ፍሎራይድም የለም። ሙቀቱም ከካርቦኑ አደገኛ ክልል እጅግ በላይ ስለሆነ ክሮሚየሙን እንደገና ወደ ብረቱ ያሰርገዋል። ሲቀዘቅዝ በዚያ ክልል ማለፉ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ዝቅተኛ ካርቦን ያለው ብረት ጥቅሙን ያሳያል።

ሰፊ ስቴንለስና ትንሽ መዳብ ክፉ ሒሳብ ነው ብለን ነበር። ታዲያ እነዚህ ዕቃዎች በቤት ማሞቂያና በማቀዝቀዣ ውስጥ ለብዙ ዓመት እንዴት ይቆያሉ? መልሱ ውሃው ነው። ተራ ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ አያስተላልፍም፤ ባትሪው ደካማ ይሆናል። በውሃው ያለው ባይካርቦኔትም በመዳብ ላይ የራሱን መከላከያ ልባስ ይሠራል። ሰልፌቱ ከባይካርቦኔቱ ሲበልጥ ግን ያ ልባስ አይጸናም፤ መዳቡም በነጥብ በነጥብ ይበሳል። የአምራቾች መመሪያ የውሃ ምርመራ ውጤት የሚጠይቀው ለወግ አይደለም። ማዕድኑ ሁሉ የወጣለት ውሃም ለመዳብ ጥሩ አይደለም፤ ልባስ የሚሠራበት ነገር የለውምና።

ከሁሉ የከፋው አሞኒያ ነው። አሞኒያ መዳብን አይሸረሽረውም፣ ያሟሟዋል እንጂ፤ ውሃውም ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል። በትልልቅ የቢራና የሥጋ ፋብሪካዎች ማቀዝቀዣው አሞኒያ ስለሆነ በመዳብ የተያያዘ መለዋወጫ እዚያ ቦታ የለውም። ከብቶች ከታጎሩበት በረት የሚነሳው አየርም፣ የጽዳት ኬሚካሉም አሞኒያ እንደሚይዝ የሚዘነጋ መሐንዲስ አለ። ለእነዚህ ሥራዎች ሰሌዳዎቹ በኒኬል መሙያ ይያያዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የስዊድኑ አልፋ ላቫል መሙያው ራሱ ስቴንለስ የሆነበትን መለዋወጫ ለገበያ አቀረበ፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ከሌሉ ባትሪውም የለም።

ኒኬል ግን ፍጹም አይደለም። ንጹሕ ኒኬል በ1455 ዲግሪ ስለሚቀልጥ፣ መቅለጫውን ለማውረድ ቦሮን፣ ሲሊኮን ወይም ፎስፈረስ ይጨመርበታል። በሰፊው የሚታወቀው መሙያ ከመቶ 7 ክሮሚየም፣ 4.5 ሲሊኮንና 3 ቦሮን አለው፤ በ1000 ዲግሪ ገደማ ይፈስሳል። ቦሮን እጅግ ትንሽ አቶም ነው። ወደ ስቴንለሱ በቀላሉ ይሰርግና በቅንጣቶቹ ወሰን ላይ ክሮሚየሙን ይይዛል። ካርቦን የሚሠራውን ጥፋት እዚህ ቦሮን ይደግመዋል፤ ካርቦኑን በ0.03 ያሰረ መሐንዲስ በመሙያው በኩል ሌላ ሌባ አስገባ ማለት ነው። አሲዱ ለበረታበት ሥራ ቦሮን የሌለበት፣ ከመቶ 19 ክሮሚየምና 10 ሲሊኮን ያለው ኒኬል ይመረጣል። የኑክሌር ኢንዱስትሪም ይህንኑ ይመርጣል፤ ቦሮን ኒውትሮን ይውጣልና። የናፍጣ ሞተር ጭስ ማቀዝቀዣዎችም በኒኬል የተያያዙ ናቸው፤ ከጭሱ የሚጠነፍፈው ጠብታ የሰልፈርና የናይትሮጅን አሲድ ስላለበት መዳብ አይችለውም።

ከማያያዙ በኋላ ያለው ጽዳት በዘርፉ መጻሕፍት ውስጥ ከሚገባው በታች ይወራል። በነበልባል ከተሠራ መጋጠሚያ ላይ ፍለክሱ ሳይቀዘቅዝ በሙቅ ውሃ መታጠብ አለበት፤ የቀረው ፍለክስ እርጥበት እየሳበ በራሱ ብረቱን ይበላል። በዙሪያው የሚታየው ወርቃማና ሰማያዊ ቀለምም ጌጥ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ብረት ክሮሚየም እንዳጣ ምልክት ነውና መነሳት አለበት። የሚነሳበት ብሩሽ ግን የስቴንለስ ይሁን፤ ተራ የብረት ብሩሽ የራሱን ዝገት ይዘራል። ስቴንለስን ለማጽዳት የለመደ ፋብሪካ የሚያውቀው የናይትሪክ አሲድ ገንዳ ደግሞ እዚህ ወጥመድ ነው። ናይትሪክ አሲድ የስቴንለስን ልባስ ያጠነክራል፤ ብርንና መዳብን ግን ያሟሟል። በሲትሪክ አሲድ፣ ለአጭር ጊዜ፣ በጥንቃቄ ማጽዳት ይሻላል።

አንባቢዬ የስቴንለስ ዕቃ የምታሠራ ወይም የምታስጠግን ከሆነ፣ ለሠራተኛው መጀመሪያ የምትነግረው የብረቱን ቁጥር ሳይሆን በውስጡ የሚያልፈውን ፈሳሽ ይሁን፤ ውሃ ነው ወይስ ወተት፣ ጨው አለበት ወይስ አሞኒያ፣ ሙቀቱስ ስንት ነው። ከዚያ ዘንጉን አሳየኝ በለው። እርጥበት በማይለየው ቦታ ላይ ከሆነ ኒኬል እንዳለው፣ ካድሚየም እንደሌለው ማሸጊያውን አንብብ። የሚጠጣ ነገር የሚያልፍበት፣ በቀላሉም የሚበየድ ዕቃ ከሆነ ብሬዚንጉን ትተህ በአርጎን ጋዝ አስበይደው።